ንጥረ ነገሮችን በአገራቸው ማጥናት፦ ሦስተኛው ወር

ባለፈው እንደ ጻፍኩላችሁ፣ ንጥረ ነገሮችን በአቶማዊ ቁጥራቸው ተራ ስሸመድድ 40ን ካለፍኩ በኋላ ሁሉም ይደበላለቅብኝ ነበር። አሁን መንገዱን ቀይሬያለሁ። አዳማ ባለው ክፍሌ ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ሰቅዬ፣ ከጎኑ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ለጥፌ፣ በቦታ ስም የተጠሩትን ከስማቸው ምንጭ ጋር በቀይ ክር አገናኛለሁ። ክሩ ከእናቴ የስፌት ሣጥን የወጣ ነው። እስከ ዛሬ 17 ደርሻለሁ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ስዊድን ነው። ስቶክሆልም አጠገብ ባለች ደሴት ላይ ኢተርቢ የምትባል መንደር አለች፤ ስሟ «የዳር መንደር» እንደ ማለት ነው። ለሸክላ ዕቃ የሚሆን ፌልድስፓር የሚወጣባት የድንጋይ ካባ ነበረች። በ1787 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ካርል አክሰል አሬኒየስ የተባለ መኮንን ከዚያ ካባ ጥቁር፣ ክብደቱ የሚያስገርም ድንጋይ አገኘ። ዮሃን ጋዶሊን በ1794 መርምሮት አዲስ ኦክሳይድ (አንድ ንጥረ ነገር ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ የሚሰጠው ውሁድ) አወጣበት። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ በ1843 ካርል ሞሳንደር አንድ የመሰለውን ሦስት አድርጎ ለያየው፤ በ1878 ደግሞ ማሪኛክ አራተኛውን አገኘ። ኢትሪየም፣ ተርቢየም፣ ኤርቢየም፣ ኢተርቢየም፦ የመንደሯን ስም እንደ እንጀራ ቆርሰው የተካፈሉት ይመስላል።

ተርቢየምና ኤርቢየም ለሁለት ሳምንት ተምታተውብኝ ነበር። ኋላ ሳነብ የሁለቱ ስም በኬሚስቶቹ እጅም ተለዋውጦ እንደ ነበር አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ 65 ተርቢየም፣ 68 ኤርቢየም መሆኑ አልጠፋብኝም። አራቱም ክሮች አንዲት ስፒል ላይ ስለታሰሩ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ደግፌዋለሁ። የእህቴ ልጅ አይታ፣ «አጎቴ፣ ይህች ከተማ ከአዳማ ትበልጣለች?» አለችኝ። ትንሽ መንደር መሆኗን ስነግራት ካርታው ላይ ተጠግታ ፈለገቻት፤ ስሟ እንኳ አልተጻፈም።

ጋሊየም ከፈረንሳይ የጥንት ስም ከጋሊያ፣ ስትሮንሺየም ከስኮትላንዷ ስትሮንሺያን፣ ሃፍኒየም ከኮፐንሃገን የላቲን ስም ከሃፍንያ መጡ፤ እነዚህ አላስቸገሩኝም። ጋሊየም 30 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚቀልጥ በእኛ ከተማ የበጋ ቀትር ላይ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ፈሳሽ እንደሚሆን አስባለሁ።

ፖሎኒየም ላይ ግን ቆምኩ። ማሪ ኩሪ በ1898 በትውልድ አገሯ ስትሰይመው፣ ፖላንድን ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ከተከፋፈሏት መቶ ዓመት አልፎ ነበር። በዚያ ዘመን ካርታ ላይ ስፒል የሚተከልበት ፖላንድ የሚባል አገር አልነበረም። አገሪቱ በ1918 ነጻነቷን ስታገኝ ስሟ ከንጥረ ነገሮች መካከል 20 ዓመት ቆይቶ ነበር። እናቴ ይህን ከተማ እስከ ዛሬ ናዝሬት ትለዋለች፤ እኔ አዳማ እላለሁ፤ አዳማ ደግሞ አዳሚ ከሚለው የኦሮምኛ የቁልቋል ስም መጣ ይባላል። በስም ጉዳይ ያደግን ልጆች ስለሆንን ይመስለኛል፣ ያን ምሽት ከፖሎኒየም ሌላ አንድም አላጠናሁም። ስፒሏን ዋርሶ ላይ፣ ማሪ በተወለደችበት ተከልኳት።

በሚቀጥለው ወር በ2016 ከጸደቁት አራት ስሞች ሦስቱን እጨምራለሁ፦ ሞስኮቪየምን፣ ቴነሲንን እና ጃፓኖች አገራቸውን ከሚጠሩበት ኒሆን የወጣውን ኒሆኒየም። የጃፓኗን ስፒል የእህቴ ልጅ ትናንት ማታ ራሷ ተክላታለች።