ባለጎማ የመፍቻ ሣጥን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ

የመፍቻ ሣጥን ጎማ የተሠራው ለሊሾ፣ ማለትም ለለስላሳ የሲሚንቶ ወለል፣ ብቻ ነው። ባለመሳቢያው ትልቅ ሣጥን ከሥሩ አራት ጎማ ስላለው ብቻ የትም የሚሄድ ዕቃ ይመስላል፤ በጋራዥ ወለል ላይ አንድ ሰው ያለችግር የሚገፋው መሆኑም ይህን እምነት ያጠነክረዋል። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ ወዳጄ ጋራዡን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲያዛውር ሣጥኑን በማጓጓዝ አግዤው ነበር። ከዚያ ወዲህ በርካታ መካኒኮች እንዴት እንዳወረድነው ስለጠየቁኝ፣ ያደረግነውንና ያደረግንበትን ምክንያት እዚህ ላይ በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ክብደቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም፤ መፍቻ፣ ፒንሳና መዶሻ በየጊዜው አንድ በአንድ እየተገዛ ስለሚጠራቀም፣ ሣጥኑ ምን ያህል እንደከበደ የሚታወቀው ማንሳት በተፈለገ ዕለት ነው። እኛ መሳቢያዎቹን እየነቀልን በጎረቤት እህል ቤት ሚዛን ላይ አስመዘንናቸው፤ ከነቀፎው ከ3 ኩንታል ጥቂት አለፈ። ባዶው ቀፎ ብቻውን 90 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ይህም ማለት ከጭነቱ ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው በእጅ ተለይቶ ሊወጣ የሚችል ዕቃ ነው ማለት ነው፤ ሥራው በሙሉ የተቃለለውም በዚህ ነው።

በጥሩ ሊሾ ላይ 300 ኪሎ የሚመዝን ባለጎማ ዕቃን ማስኬድ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ክብደት የሚያህል ግፊት ብቻ ይጠይቃል። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ ግን ያው ሣጥን 30 ኪሎ በሚያህል ኃይል በራሱ ወደ ታች ይጎትታል፤ አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ለማቆም የሚያስፈልገው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ከጦሳ ተራራ ሥር በተሠራችው ደሴ፣ እንዲህ ያለው ተዳፋት በብዙ ሰፈሮች እንደ ሜዳ የሚቆጠር ነው። በዚያ ላይ መንገዱ ኮብልስቶን ከሆነ፣ ትንንሾቹ ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ይያዛሉ፤ ጎማው ድንገት ሲቆም፣ ከላይ የሚገፋው ሰው ጉልበት ሣጥኑን ወደ ፊት ይገለብጠዋል። ጎማ ሲመረጥም ጠቅላላው ክብደት ለአራት ሳይሆን ለሦስት ተከፍሎ መታሰብ አለበት፤ ወለሉ ወጣ ገባ ሲሆን አንዱ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠልና ሸክሙ በሦስቱ ላይ ይቀራልና።

ስለዚህ መሳቢያዎቹን ነቅሎ ማውጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው። በአብዛኞቹ ሣጥኖች ላይ መሳቢያው እስከ መጨረሻው ሲሳብ በግራና በቀኝ ሐዲዱ ላይ ትንሽ መያዣ ይታያል፤ እነዚህን ሲጫኑ ወይም ሲያነሱ መሳቢያው ይለቃል። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግን ግዴታ ነው፦ የሚጀመረው ከላይ ነው፤ ደግሞም አንዱ ወጥቶ ሳያበቃ ሌላው አይከፈትም። የታችኞቹ ቀድመው ከወጡ ክብደቱ በሙሉ ከላይ ይቀራል፤ በዚህ ላይ አንድ ከባድ መሳቢያ ሲሳብ ሣጥኑ በሳቢው ላይ ሊወድቅ ይችላል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ በጥሩ ሁኔታም ቢሆን ለአንድ ሰው ሸክም ያስቀመጠው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው፤ የሶኬት ስብስብ የሞላበት አንድ መሳቢያ ይህን በቀላሉ ያልፋል። የእኛዎቹን አንዳንዶቹን ለሁለት ይዘናቸዋል፣ አንዳንዶቹንም ግማሹን ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት ካወጣን በኋላ ነው የነቀልናቸው።

የጫኝና አውራጆቹ አለቃ በዚህ ሥራችን አልተደሰተም። «ወሏሂ ጋሼ፣ ፍሪጅ ከነሥጋው ስንጭን ኖረናል፤ ይህን መበታተን ምን አመጣው?» አለኝ። ሰውየው ሥራውን ስለማያውቅ አልነበረም እንዲህ ያለው፤ ሸክሙ ከቀለለ ዋጋውም እንዳይቀንስበት ሰግቶ ነበር። የተነጋገርንበት ዋጋ እንደማይነካ ሲረጋገጥለት ተስማማ፤ በእኔ አስተያየትም ዋጋ አስቀድሞ መቁረጥ ከደህንነቱ ሥራ የሚለይ አይደለም።

ቀፎውን እስከ በሩ በሊሾ ላይ የወሰድነው በመግፋት እንጂ በመጎተት አይደለም። የሚጎትት ሰው ፊቱን ወደ ሣጥኑ ካዞረ የሚረግጠውን አያይም፣ ጀርባውን ከሰጠውም ጎማው ተረከዙን ይመታዋል። አቅጣጫ የሚቀይሩት ሁለት ጎማዎች በገፊው በኩል፣ አቅጣጫ የማይቀይሩት ከፊት እንዲሆኑ ያስፈልጋል፤ እጅም ከአናቱ ላይ ሳይሆን በወገብ ከፍታ ላይ ይውላል። በተዳፋት ላይ ማንም ሰው ከሣጥኑ በታች አይቆምም። ሣጥኑ መውደቅ ከጀመረ ደግሞ ይለቀቃል እንጂ አይያዝም። ይህን ቀድሞ ለሁሉም ጮክ ብሎ መንገር ያሻል፤ ሰው የወዳጁ ንብረት ሲወድቅ እያየ እጁን መሰብሰብ ስለሚከብደው ነው።

ለመጫን በጣም ያሰብንበት መወጣጫው ነበር። የአይሱዙው ካሶኒ (የጭነት ማስቀመጫው) ወለል ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በ3 ሜትር ጣውላ ወደዚያ መውጣት ማለት፣ ባዶውን ቀፎ እንኳ በ30 ኪሎ ያህል ኃይል ያለማቋረጥ እየገፉ ማቆየት ማለት ነው፤ ሙሉ ሣጥን ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ከ100 ኪሎ ያልፍ ነበር። የደሴ ቁልቁለት ግን እዚህ ላይ ጠቀመን። ከጋራዡ ግቢ በታች ያለው መንገድ ከግቢው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ሾፌሩ መኪናውን ወደ ኋላ አስጠግቶ ካሶኒውን ከግቢው ወለል ጋር አስተካከለው፤ በመካከሉ የቀረውን ክፍተት ከሥሩ ሁለት ሞራሌ (ወፍራም እንጨት) ባስገባንበት ወፍራም ላሜራ ሸፈንነው። በመኪናው ጎማዎች ሥር ታኮ አደረግን። ሾፌሮች የእጅ ፍሬን ይበቃል ይላሉ፤ እኔ አልተቀበልኩም። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፦ ክብደቱ ካሶኒው ላይ ሲያርፍ ባሌስትራው (የመኪናው የብረት ሞላ) ይጫንና ወለሉ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ካሶኒው ሲጀመር ከግቢው ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም አለበት፣ ላሜራውም እንዳይንሸራተት መታሰር ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ኩርባው ብዙ ነው፣ ሾፌሩም ፍሬን ላይ ነው። የሣጥኑ ጎማ መቆለፊያ እዚህ ላይ ምንም ዋጋ የለውም፤ የሚይዘው ጎማው እንዳይሽከረከር እንጂ ሣጥኑ እንዳይንሸራተት አይደለም። ስለሆነም ቀፎውን በክሪክ ጥቂት አንስተን ሁለት ሞራሌ ከሥሩ አስገባንና ጎማዎቹ አየር ላይ እንዲቀሩ አደረግን። ጀርባውን ከካሶኒው የፊት ግድግዳ ጋር አስጠጋነው፤ በአውሮፓ የጭነት ማሰሪያ ደንብ መሠረት ጭነት ወደ ፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ የሚያህል ኃይል እንዲቋቋም ሆኖ መታሰር አለበት፤ ከፊት የሚደገፍበት ግድግዳ ካለ ከባዱ ድርሻ በገመድ ላይ አይወድቅም። በሁለት ቺንጋ (ጠፍጣፋ የጭነት ማሰሪያ) ከላይና ከወገቡ አሰርነው፣ ቀለሙን እንዳይልጠውም በማዕዘኖቹ ላይ የተቆረጠ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ጣልንበት። መሳቢያዎቹ ተነባብረው ሳይሆን ጎን ለጎን በወለሉ ላይ ተደረደሩ። ሐረጎን ከመጀመራችን በፊትና ቁልቁለቱን እንደጨረስን ቆመን ቺንጋውን ፈተሽን፤ በሁለተኛው ፍተሻ በግልጽ ላልቶ ስለነበር እንደገና አጠበቅነው።

ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ ወዳጄ የተከራየው ቤትም ሊሾው አዲስ ነው። ቀፎው ከወረደ በኋላ ጎማዎቹን የያዙትን ቡሎኖችና ዳዶዎች በመፍቻ አጠበቅናቸው፤ ንዝረቱ ሁለቱን አላልቷቸው ነበር። መሳቢያዎቹ ሲመለሱ የተጀመረው ከታችኛው ነው፣ የከበዱት መፍቻዎችና መዶሻዎችም እዚያው ታች ገቡ። የላይኛው መሳቢያ እስኪገባ ድረስ ሣጥኑ ከግድግዳው ጋር በገመድ ታስሮ ቆየ።