ሦስት ወር በሰው ቤት

በተሰጠኝ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የተሰቀለው አጎበሬ ነው። የቤቱ እናት ወንበር ላይ ወጥተው ገመዱን ከጣሪያው እንጨት ጋር አሰሩልኝ፤ ወርደው ደግሞ ጫፉን ፍራሹ ሥር እንዴት እንደምወትፈው በእጃቸው አሳዩኝ። በቃል አንድም ነገር አልተግባባንም። የወባ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት እንደምትናከስ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የበጎ ፈቃድ አገልግሎቴ ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት የሦስት ወር ሥልጠና አለ። ሠልጣኞች በየቤተሰቡ ተደልድለን ነው የምንኖረው። ጠዋት ቋንቋ፣ ከሰዓት በኋላ ጤናና ደኅንነት። ስለ ደኅንነቱ ብዙ የምለው የለም፤ ስትወጣ ተናገር፣ ሳይመሽ ግባ ነው ባጭሩ።

ቋንቋው ግን ከበደኝ። በራሴ ቋንቋ ሰው አጫውታለሁ፣ አጽናናለሁ፣ እከራከራለሁ። እዚህ ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ ወሬዬ ያልቃል። ሰባት ዓመት የሆነው የቤቱ ልጅ ማታ ማታ ደብተሬን ተቀብሎ ዕቃውን ሁሉ በጣቱ እየጠቆመ ይጠይቀኛል፤ ስሳሳት ያርመኛል። ሳይገባኝ «ገባኝ» ማለትን የተውኩት በእሱ ምክንያት ነው። «እሺ፣ ምን አልኩ?» ይለኛላ!

በአራተኛው ሳምንት ሆድ ባሰኝ። መብላቱም መጫወቱም አስጠላኝ፤ ከክፍሌ መውጣት እንኳ ታከተኝ። ያን ሰሞን አሠልጣኛችን ካለርቮ ኦበርግ የተባሉት አንትሮፖሎጂስት ስለ ባህል ድንጋጤ፣ ማለትም እንግዳ ባህል ውስጥ የገባን ሰው ስለሚይዘው ጭንቀት፣ የዘረዘሯቸውን ምልክቶች አነበበችልን። ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1954 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ንግግር ያደረጉ ሰው ናቸው። እጅን ከልክ በላይ መታጠብ፣ ስለ መጠጥ ውሃ አብዝቶ መጨነቅ፣ ዓይንን ሩቅ ላይ ተክሎ መቅረት፣ የአገር ናፍቆት። እጄን አየሁት። ከሳሙና ብዛት የጣቶቼ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቋል። የያዘኝ ነገር ስም እንዳለው፣ ከእኔ በፊትም ብዙ ሰው እንዳለፈበት ሳውቅ ትልቅ ሸክም ቀለለኝ።

ምድቤ የማኅበረሰብ ጤና ስለሆነ ልቤን የሰጠሁት ለዚያ ትምህርት ነው። ተቅማጥ የያዘው ሰው የሚጠጣው ፈሳሽ በቤት ሲዘጋጅ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ማንኪያው ሳይቆለል። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ሴት ሠራተኞችን ቤት ለቤት ልኮ፣ በሦስት ጣት ቁንጥር ጨውና በጭብጥ ጥሬ ስኳር ይህንኑ ውህድ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ውስጥ እንዳስተማረ ተነገረን። የሠራተኞቹም ክፍያ የሚወሰነው እናቶቹ ትምህርቱን በያዙት ልክ ነበር። ይህን ስሰማ እኔም እንዲሁ አስተምራለሁ ብዬ ተነሣሁ፤ ሥዕል ሣልኩ፣ ዐረፍተ ነገሮቹን በአዲሱ ቋንቋ ሸመደድኩ።

በሰባተኛው ሳምንት ሆዴ ተበላሽቶ ሌሊቱን ስመላለስ አደርኩ። ሲነጋጋ እናትየው ጠርሙስና የሻይ ማንኪያ ይዘው ገቡ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስኳሩን በቢላ ጀርባ እያስተካከሉ ስድስት ቆጠሩ። ጨው ግማሽ። በጥብጠው ቀመሱና አንድ የማላውቀው ቃል ተናገሩ፤ እንዳልገባኝ ሲያዩ በጣታቸው የዓይናቸውን ጥግ ነኩ። ከእንባ በላይ ጨው ጨው ማለት የለበትም ማለታቸው ነው።

«ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

የመጀመሪያ ልጃቸው ታማ ጤና ጣቢያ ያደሩ ጊዜ ነው የተማሩት። ሃያ ዓመት አልፎታል።

የሣልኩት ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት፤ ዝም ብለው ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ ማንኪያው ትልቅ ነው» አሉኝ። «ይህን ያየች እናት በሾርባ ማንኪያ ጨው ትሰፍራለች።»

እውነታቸውን ነበር። ጨው የበዛበት ውህድ ሕፃንን ይጎዳል፤ እኔ ደግሞ ያን ሥዕል አባዝቼ ላድል ነበር። ከሰዓት በኋላ ቀና ማለት ስችል የእሳቸውን ማንኪያ ለምኜ አዲስ ወረቀት ላይ አጋደምኩና ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ «ግማሽ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ነገረኝ።