ባሕር ዛፍ ፊት ያልተፈተነ ሌንስ

ሥራዬ ብዙውን ጊዜ ከተማው ዳር ዳር ነው። ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ቱሉ ዲምቱ። ሙሽሮችም፣ ተመራቂዎችም፣ በመስከረም አደይ አበባ ፍለጋ የሚወጡትም ወደዚያው ነው የሚጎርፉት። ስለዚህ ያገለገለ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ልገዛ ስነሳ ያስጨነቀኝ ጥራቱ ብቻ አልነበረም። ከሰው ጀርባ ያለውን ነገር ሲያደበዝዘው ምን ያስመስለዋል?

ምን ያህል ያደበዝዛል ለሚለው ፈተና አያስፈልግም። የሌንሱ ፎካል ርዝመት (85 ሚሊሜትር የሚባለው)፣ የአፐርቸሩ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ስፋት፣ ሰውየው ከአንተ፣ ባክግራውንዱ ደግሞ ከሰውየው ያለው ርቀት ይወስኑታል። ሁለት 85 ሚሊሜትር ሌንሶች አፐርቸራቸው 1.8 ላይ ሲሆን (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል) የሚሰጡት የብለር፣ የድብዘዛው፣ መጠን ከሞላ ጎደል እኩል ነው። የሚለያዩት በመልኩ ነው።

ሻጮች የሚያሳዩት ናሙና ፎቶ እዚህ ላይ አይረዳም። ባክግራውንዱ ሁሌም ሩቅ ነው። እንደዚያ ሲርቅ ርካሹም ሌንስ ያምራል። ጉዱ የሚወጣው ከሰውየው ኋላ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ፣ ገና ግማሽ በግማሽ በደበዘዘው ቦታ ነው።

አንዱን፣ አዲሱን ሌንስ፣ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ሌላውን፣ አሮጌውን፣ ሻጩ መታወቂያዬን ይዞ ለቅዳሜና እሁድ ሰጠኝ። የእህቴ ልጅ ሞዴል ሆነችልኝ፤ ክፍያዋ ቺፕስ ነው። ሱሉልታ መንገድ ላይ ካለ የባሕር ዛፍ ጥግ አቆምኳት። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ ፎከሱ በእጅ፣ ዓይኗ ላይ። ሌንስ ስቀይር እሷም ካሜራውም ንቅንቅ የለም። 1.8፣ 2.8፣ 4 እያልኩ ደጋገምኩት። «ጋሼ፣ ይቺን እኮ አሁን አነሳኸኝ!» ብትልም ቻለችኝ።

ባሕር ዛፍ ለሌንስ ምሕረት የለውም። በቅጠሎቹ መሃል ሰማዩ ሾልኮ ይታያል፤ እያንዳንዷ ቀዳዳ ስትደበዝዝ ትንሽ የብርሃን ክብ ትሆናለች። ፎቶውን አጉልቼ ክቦቹን አየሁ። የአዲሱ ሌንስ ክቦች ጠርዛቸው ከመሃላቸው ይደምቃል። በመቶ የሚቆጠሩት ሲደራረቡ ከልጅቷ ጀርባ የሳሙና አረፋ የተደፋ ይመስላል። የአሮጌው ክቦች ግን ወደ ጠርዛቸው እየሳሱ አንዱ ከሌላው ይዋሃዳል። ደረቁ ሣር ላይ ልዩነቱ ባሰ። አዲሱ አንዷን ሰንበሌጥ ሁለት መስመር አድርጎ ሣላት። የቆርቆሮ አጥር ጠርዝም እንደዚያው።

ምክንያቱ ከሌንሱ መሃልና ከዳሩ የሚገባው ብርሃን በትክክል አንድ ቦታ አለመገናኘቱ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ሲያርሙ ከልክ ካለፉ የኋላው ብለር ጠርዙ ይደምቃል። ጥቂት ሳይታረም ከተዉት የኋላው ይለሰልሳል፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ግን ፎቶው ትንሽ ይፈዛል። ደግሞም አንድ ሌንስ ከፎከሱ ፊትና ከፎከሱ ኋላ የሚሰጠው ብለር ሆድና ጀርባ ነው፤ ኋላውን የሚያለሰልስ ፊቱን ያጎሳቁላል። ስለዚህ ሣሩን ከልጅቷ ፊትም አድርጌ አነሳሁ።

የልጅቷ ነጠላ ያላሰብኩትን አሳየኝ። ከፎከሱ ኋላ የቀረው ነጭ ክር ዳር ዳሩን አረንጓዴ፣ ወደ ፊት የወጣው ደግሞ ሐምራዊ ይዟል። ሐበሻ ቀሚስ ለሚያነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱም ሌንሶች ነበረባቸው፤ 2.8 ላይ ቀነሰ።

ማታ ከኮንዶሚኒየም መስኮት የአዳማ ፈጣን መንገድን መብራቶችም አነሳሁ። መሃል ላይ ያሉት ክብ ናቸው፤ ወደ ፎቶው ዳር ሲሄዱ ሞላላ ይሆናሉ፣ የሌንሱ አካል ብርሃኑን ስለሚጋርድ። አፐርቸሩን ስትዘጋ ይስተካከላል፤ ያኔ ግን ቀዳዳውን የሚዘጉት ስስ ብረቶች ቅርጽ ይወጣል። የድሮው የካኖን 50 ሚሊሜትር 1.8 አምስት ብረት ብቻ ስለነበረው መብራቱን ባለ አምስት ማዕዘን ያደርገዋል፤ በ2015 የወጣው ተተኪው ሰባት አለው። በአዲሱ ሌንስ ክቦች ውስጥ ደግሞ ቀለበት በቀለበት የተደረደረ ነገር አየሁ። በቅርጽ ማውጫ ተጭነው የሚሠሩ አስፌሪካል (ገጻቸው እንደ ኳስ እኩል ያልጎበጠ) መስታወቶች ያመጡታል። እኔ ለዚህ ብዙ ዋጋ አልሰጠውም። ኢንተርኔቱ የሚጨቃጨቀው ግን በዚሁ ነው።

በመጨረሻ የፋይሎቹን ስም ቀይሬ ለእህቴ ሰጠኋት። ስለ ሌንስ ምንም አታውቅም። የአሮጌውን እየለየች «እዚህኛው ላይ ልጄን ነው የማየው፤ እዚያኛው ላይ ዛፉን» አለችኝ።

አሮጌውን ገዛሁት። አውቶፎከሱ ቀርፋፋ ስለሆነ ለሚሯሯጥ ልጅ አላወጣውም። አደይ አበባ ከፊት አስቀድሜ ሳነሳም ቦርሳ ውስጥ ይቆያል፤ ያን ጊዜ የጓደኛዬን አዲሱን እዋሳለሁ።