ማን ይሰለፋል? የተጠባባቂ ቡድኖችን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ሳዘጋጅ የተማርኩት

የተጠባባቂ ቡድን ተጫዋች ልምምድ አለው፣ ማሊያ አለው፣ አሰልጣኝ አለው። የሚጎድለው ጨዋታ ነው። የወዳጅነት ጨዋታ ማለቴ አይደለም። ሲሸነፍ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ሲያሸንፍ ሳምንት ሙሉ የሚያወራው ጨዋታ ነው የሚጎድለው። 11 ክለቦችን አሰባስበን ለሁለተኛ ቡድኖች ብቻ የሚሆን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው። የውድድር ኮሚቴውን የምመራው እኔ ነበርኩ። ደንቡን ከማርቀቅ ጀምሮ ዋንጫው እስኪሰጥ ድረስ ያለው ሥራ በእጄ አልፏል። እንዲህ ያለ ውድድር ለማዘጋጀት የምታስቡ ካላችሁ ሥራው እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ "ለምን ሊግ አይሆንም?" የሚል ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሊግ ብዙ ጨዋታ ይሰጣል። ግን እኛ ልናዘጋጅ የምንችለው የተጠባባቂ ሊግ መውጣትም መውረድም የለውም። ውድድሩ ሲጋመስ የሰንጠረዡ መሀል ላይ ያለ ቡድን የሚጫወትለት ነገር ያጣል። አሰልጣኙም ያገኘውን ልጅ አሰልፎ ቀኑን ይገፋል። ጥሎ ማለፍ እንደዚያ አይደለም። ዛሬ ከተሸነፍክ አበቃ። 1 ለ 0 እየመሩ የመጨረሻዎቹን አስር ደቂቃዎች መጫወት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ልጅ በልምምድ ሜዳ አይማረውም።

ሁለተኛ ቡድኖች በዋናው ዋንጫ ይሳተፉ ያሉም ነበሩ። ይህ በሌሎች አገሮች ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1980 የሪያል ማድሪድ ሁለተኛ ቡድን ካስቲያ በስፔን የንጉሥ ዋንጫ ኤርኩሌስን፣ አትሌቲክ ቢልባኦን፣ ሪያል ሶሲዳድንና ስፖርቲንግ ሂኾንን ጥሎ ለፍጻሜ ደረሰ። አራቱም የአንደኛ ዲቪዚዮን ክለቦች ነበሩ። በፍጻሜው የጠበቀው የራሱ ዋና ቡድን ነው። ሳንቲያጎ በርናቤው ላይ 6 ለ 1 ተሸነፈ። ማድሪድ ሊጉንም ወስዶ ወደ ሻምፒዮኖቹ ዋንጫ ስለሄደ በእሱ ቦታ ካስቲያ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ገባ፤ ዌስትሃምን በሜዳው 3 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ በመልሱ ጨዋታ በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 1 ተረትቶ ወጣ። በ1993 ደግሞ የሄርታ በርሊን አማተር ቡድን የጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በባየር ሌቨርኩሰን 1 ለ 0 ተሸነፈ። እነዚህን ታሪኮች እወዳቸዋለሁ። ግን አንድ ክለብ በአንድ ዋንጫ ሁለት ቡድን ሲኖረው ማን ለማን ሊለቅ ይችላል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል። ጀርመን በ2008 ለሁለተኛ ቡድኖች በሩን ዘጋች። ስፔንም ዛሬ አታስገባም። ስለዚህ የተጠባባቂዎቹ ቤት የራሳቸው ዋንጫ መሆን አለበት የሚለውን ይዘን ቀጠልን።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በጥሎ ማለፍ እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ቡድን ይጥላል። 11 ቡድን ካለ አንድ አሸናፊ እንዲቀር 10 መውደቅ አለባቸው፤ ስለዚህ 10 ጨዋታ ነው። ለሩብ ፍጻሜ 8 ቡድን ያስፈልጋል። ሦስት መቀነስ ስላለብን 6 ቡድኖች በመጀመሪያው ዙር ሦስት ጨዋታ ተጫወቱ፣ የቀሩት 5 በቀጥታ አለፉ። ዋናው ነገር በቀጥታ የሚያልፉት በመጀመሪያው ዙር ብቻ መሆናቸው ነው። ይህን ካላደረጋችሁ መሀል ላይ ጎዶሎ ቁጥር ይመጣና አንዱ ቡድን ሳይጫወት ግማሽ ፍጻሜ ይገባል። እሱን ደግሞ ማንም አይቀበለውም። እጣውን ያወጣነው የሁሉም ክለቦች ቡድን መሪዎች ባሉበት ነው። በዋና ቡድናቸው ደረጃ እንለያቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አልተስማማሁም። የዋና ቡድን ደረጃ ስለ ሁለተኛው ቡድን የሚናገረው ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የተጠባባቂ ዋንጫን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ተጠባባቂ ተጫዋች ማን ነው? ይህን በጽሑፍ ካልመለሳችሁ ሩብ ፍጻሜ ላይ የዋናው ቡድን አጥቂ "ትንሽ ልሩጥ" ብሎ ይመጣል። ሁለት ጎል ያስቆጥራል። ስድስት ወር ሙሉ የለፋው ልጅ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የሚቀጥለው ተጋጣሚም ዝም አይልም፤ እሱም የራሱን ሁለት ሰው ይጨምራል። ውድድሩ በሁለት ዙር ውስጥ የዋና ቡድኖች ልምምድ ይሆናል።

በእኛ ደንብ ዋናው ቡድን ካደረጋቸው የመጨረሻ ሦስት ጨዋታዎች በሁለቱ በቋሚነት የተሰለፈ ተጫዋች በዚህ ዋንጫ አይጫወትም። ተቀይሮ የገባ ግን ይጫወታል። ቋሚ የነበረና ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ለአንድ ክለብ በዋንጫው የተጫወተ ለሌላ ክለብ ሊሰለፍ አይችልም። በጣም የወደድኩት የመጨረሻውን አንቀጽ ነው፦ ከግማሽ ፍጻሜ ጀምሮ፣ ከዚያ በፊት በዚህ ዋንጫ አንድ ጨዋታ እንኳ ያልተጫወተ ሰው አይሰለፍም። በቀጥታ ያለፉትም ቢሆኑ እስከዚያ ቢያንስ ሩብ ፍጻሜውን ተጫውተዋል። ስለዚህ አንቀጹ እነሱን አይጎዳም። ዋንጫው ሲሸት የሚመጣውን ብቻ ያስቀራል።

የዕድሜ ጣሪያ አላደረግንም። በዚህ ላይ ረጅም ክርክር ነበር። ከ23 ዓመት በታች ይሁን ያሉ ክለቦች ነበሩ። እኔ ግን የ30 ዓመቱ ሦስተኛ ተከላካይም ተጠባባቂ ነው ብዬ ተከራከርኩ። እሱም ጨዋታ ይፈልጋል። ደግሞ ከእሱ ጎን የሚቆመው የ18 ዓመት ልጅ በአንድ ጨዋታ የሚሰማው ምክር ብዙ ነው። መቼ መውጣት፣ መቼ መቆም፣ ለበረኛው እንዴት መጮህ እንዳለበት ከሜዳ ውጭ ሆኖ የሚነግረው ሰው አይተካውም። የወጣቶች ውድድር ከፈለጋችሁ የወጣቶች ውድድር አዘጋጁ፤ ይህ ግን ሌላ ነው።

ደንቡ የተፈተነው አንደኛው ግማሽ ፍጻሜ ላይ ነው። የአሰላለፍ ዝርዝር ከጨዋታው አንድ ሰዓት በፊት ለኮሚሽነሩ ይሰጣል። አንዱ ክለብ ያቀረበው ወረቀት ላይ 9 ቁጥሩ ያልጠበቅነው ስም ነበር። በየዙሩ የዋና ቡድኖችን አሰላለፍ እየመዘገብን እናስቀምጥ ስለነበር ማህደሩን አወጣን። ልጁ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ጨዋታዎች በሦስቱም ቋሚ ነበር። አሰልጣኙ ተቆጣ። "ካሸነፍን በኋላ ይከሰስ፣ አሁን ይጫወት" አለ። ኮሚሽነሩ ድምፁን ከፍ አላደረገም። አንቀጹን አነበበለት፣ ከሥሩ ያለውን የክለቡን ፊርማና ማህተም አሳየው፣ ብዕሩን ሰጠው። ስሙ ተሰረዘ። በቦታው የገባው ልጅ ጫማውን ሳያስር ነበር የተጠራው፤ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ተንበርክኮ ሲያስር አየሁት። ጎል አላገባም። ግን 90 ደቂቃ ሙሉ ሁለት ተከላካዮች ሲያስሮጥ ዋለ። ቡድኑም አለፈ።

ከዚህ የያዝኩት ነገር ቢኖር ማጣራት ከጨዋታ በፊት ማለቅ እንዳለበት ነው። ከጨዋታ በኋላ የሚመጣ ክስ በጥሎ ማለፍ መድኃኒት የለውም። ቀጣዩ ዙር ደርሷል፣ የተሸነፈው ቡድን ተበትኗል፣ ውጤት ሰርዘህ ማንን ልትመልስ ነው? ስለዚህ የዋና ቡድኖችን አሰላለፍ በየሳምንቱ የሚመዘግብ አንድ ሰው መድቡ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ኮሚቴው ውስጥ ከእሱ የበለጠ የሚያስፈልግ ሰው የለም።

የጨዋታ ቀን አመራረጥም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የተጠባባቂ ጨዋታ ከዋናው ጨዋታ በፊት ባለው ቀን ከተደረገ ቡድኑ ይራቆታል። ዋናው አሰልጣኝ ለተቀያሪ ወንበር የሚፈልጋቸውን በሙሉ ይዟቸው ይሄዳል። እኛ ጨዋታዎቹን ከዋናው ጨዋታ ማግስት ወይም በሁለተኛው ቀን አደረግን። ያኔ ሁለት ነገር ይሳካል። ትናንት ወንበር ላይ ተቀምጠው የዋሉት ዛሬ 90 ደቂቃ ያገኛሉ። ዋናው አሰልጣኝም ልጆቹን ለመልቀቅ አይሳሳም፤ እንዲያውም ራሱ መጥቶ ያያል። አሰልጣኙ በመስመሩ ዳር ቆሞ ሲያይ የልጆቹ ሩጫ ይለወጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፎርፌም ስጋት ነበር። በእግር ኳስ ሕግ 3 መሠረት አንድ ቡድን ከ7 ተጫዋች በታች ከሆነ ጨዋታው አይጀመርም። ሰፊ ስብስብ የሌለው ክለብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ወደ ዋናው ቡድን ቢጠራበት፣ ሁለት ቢጎዱበት ምን ይሁን? ክለቦች ከወጣት ቡድናቸው እስከ ጨዋታው ቀን ድረስ ስም እንዲጨምሩ ፈቀድን። የግማሽ ፍጻሜው አንቀጽም እነዚህን የተጨመሩ ልጆች አይመለከትም። አንድም ፎርፌ አልተመዘገበም። ቅያሪ ደግሞ አምስት ነበር።

አቻ ከሆነስ? እስከ ፍጻሜው ድረስ ተጨማሪ ሰዓት አልነበረም፤ 90 ደቂቃው እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ በዚያው ሳምንት ለዋናው ቡድን ይፈለጋሉ። 30 ደቂቃ ጨምረን እግራቸውን ካደከምን በሚቀጥለው ዙር ክለቡ አይለቃቸውም። በፍጻሜው ግን ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ አደረግን፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቅ ዙር የለምና።

ፔናልቲ ዕድል ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። የ1968ቱን (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ያስታውሱ። ጣሊያንና ሶቪየት ኅብረት 0 ለ 0 ተለያይተው ጣሊያን ያለፈችው በሳንቲም ነው። ፔናልቲ ወደ ሕጉ የገባው በ1970 ነው፤ ከሳንቲም ጋር ሲተያይ ፍትሕ ነው። ለተጠባባቂ ተጫዋች ደግሞ ትልቅ ትምህርት አለው። ከመሀል ሜዳ እስከ ነጥቡ ብቻውን የሚራመድበት መንገድ ረጅም ነው፤ ያንን በልምምድ ማስመሰል አይቻልም። ዳኞቻችን የሕግ 10ን አንድ አንቀጽ ለቡድኖች አስቀድመው እንዲያስረዱ አደረግን፦ አንዱ ቡድን በቀይ ካርድ ሰው ከጎደለበት ሌላው ቡድንም ቁጥሩን እኩል ማድረግ አለበት። በአንድ ሩብ ፍጻሜ ይኸው ገጠመ። ሁለቱም ቡድኖች 10 10 ተጫዋች ይዘው መቱ። ማንም አልተከራከረም፣ ሁሉም ያውቁት ነበርና።

የጥሎ ማለፍ ትልቁ ድክመት በመጀመሪያ ጨዋታው የወደቀ ቡድን ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። ጨዋታ ልንሰጣቸው ጠርተን በ90 ደቂቃ መሸኘት ለእኔ ከባድ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ጨዋታቸው የተሸነፉት በሙሉ ከሩብ ፍጻሜው በኋላ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ዋንጫ ተጫወቱ። ደንቡ ያው ነው፣ ዳኛው ያው ነው። በመጀመሪያው ዙር 4 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን እዚህ ለፍጻሜ ደረሰ። አሰልጣኙ ከዚያ በኋላ አማካዩን ለዋናው ቡድን አስረከበ። ሁለተኛ ዋንጫ ማዘጋጀት ዳኛና ሜዳ ይጠይቃል። ቢሆንም ከቻላችሁ አትተዉት።

ለሚቀጥለው ውድድር ያላለቀ ክርክር አለን። ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋች ይፈቀዳል ብለናል። ከግማሽ ፍጻሜ ጀምሮ ደግሞ ቀድሞ ያልተጫወተ አይሰለፍም ብለናል። ታዲያ ልክ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ የዳነው ልጅስ? በዘንድሮው ደንብ ሁለተኛው አንቀጽ ያይላል፣ ልጁ አይጫወትም። ሐኪሞቹ ይህን አይወዱትም፤ ከረጅም ጉዳት የተመለሰ ሰው የሚጀምርበት ጨዋታ ይፈልጋል ይላሉ። እውነት አላቸው። አንዳንድ ክለቦች 45 ደቂቃ ብቻ ይፈቀድለት የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። እኔ አሁንም ቦታውን እስከዚያ ላደረሰው ልጅ እይዛለሁ፤ ለዳነው ደግሞ በሁለተኛው ዋንጫ ሳምንት የወዳጅነት ጨዋታ እናዘጋጅለት የሚል ረቂቅ ጽፌ ለክለቦቹ ልኬያለሁ። መልሳቸው ከመጪው እጣ በፊት ይመጣል።