ከሴለን እስከ ሞራ፦ 90 ኪሎ ሜትር በስኪ እንዴት ጨረስኩ

ስዊድን የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ቫሳሎፔትን በቴሌቪዥን ሳያየው አይቀርም፤ ወዶ ባይሆንም። ማርች በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጠዋት የጎረቤቱም፣ የሥራ ቦታውም ቴሌቪዥን የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሰው የበረዶ መንሸራተቻውን ስኪ አጥልቆ ከሴለን ወደ ሞራ ይጎርፋል። ርቀቱ 90 ኪሎ ሜትር ነው። እኔም ቡና እያፈላሁ ለዓመታት ሳየው ኖሬ በመጨረሻ ገባሁበት። እንዴት እንደጨረስኩና ለሚሞክር ሰው ምን እንደምመክር ልንገራችሁ።

ታሪኩ ይቅደም፤ አለዚያ "ይሄን ሁሉ ሰው ምን ነካው?" ማለታችሁ አይቀርም። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1520 ኖቬምበር የዴንማርኩ ንጉሥ ዳግማዊ ክርስቲያን ስቶክሆልም ላይ ከ80 በላይ መኳንንት፣ ጳጳሳትና የከተማ ሰዎች አስገደለ። በዚያ እልቂት አባቱን ያጣው ወጣቱ ጉስታቭ ቫሳ ሞራና ሴለን ወዳሉበት ወደ ዳላርና አውራጃ ሸሸ። የሞራን ሰዎች "ተነሱ፣ እንዋጋ" ቢላቸው እሺ አላሉትም። ተስፋ ቆርጦ ወደ ኖርዌይ አቀና። እሱ ከሄደ በኋላ የእልቂቱ ወሬ ሞራ ደረሰ። ሰዉ ተጸጸተና ስኪ የሚችሉ ሁለት ብርቱ ሰዎች ላከበት። ሴለን አካባቢ ደርሰውበት ይዘውት ተመለሱ። በ1523 ጁን 6 ነገሠ፤ ዕለቱ ዛሬ የስዊድን ብሔራዊ ቀን ነው። ስለዚህ ውድድሩ የሚከተለው የሽሽቱን ሳይሆን የመመለሱን አቅጣጫ ነው። የታሪክ ሰዎች በዝርዝሩ ይከራከራሉ። ሞራ ላይ ግን ባትከራከሩ ይሻላል።

በ1922 ፌብሩዋሪ አንዴሽ ፔሽ የሚባል የጋዜጣ አዘጋጅ ለዚህ ጉዞ መታሰቢያ ውድድር ይደረግ ብሎ ጻፈ። ማርች 19 ውድድሩ ተደረገ። እኛ ጋ ለኮሚቴ ምርጫ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው። 119 ሰው ተነሳ። የ22 ዓመቱ ኤርንስት አልም በ7 ሰዓት ከ32 ደቂቃ አሸነፈ። የዛሬዎቹ አሸናፊዎች 4 ሰዓት አካባቢ ነው የሚፈጅባቸው። እኔ የምወዳት ግን ማርጊት ኑርዲንን ነው። የስፖርት መምህርት ነበረች። በ1924 ከ10 ሰዓት ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ገባች፤ ውድድሩን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከዚያ ሴቶች ተከለከሉ። እንደገና በይፋ የተፈቀደላቸው በ1981 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ!

ቤተ ክርስቲያን ስናገር "ሐበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው?" ብለው ሳቁብኝ። መልስ አላጣሁም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ በስኪ ተወዳድሮ የክረምት ኦሊምፒክ ያየ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። አበበ ቢቂላም ከመኪና አደጋው በኋላ በ1971 ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸንፏል። አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነንስ ከየት መጣና? ከስዊድን ነው።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ፍሪቲድስባንከን የሚባል ነገር አለ፤ በ2013 ቬርምላንድ ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ ከተማ ይገኛል። ስኪውን፣ ጫማውን፣ ዱላውን ልክ እንደ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ለ14 ቀን ያውሳል። የመጀመሪያ ስኪዬን የወሰድኩት ከዚያ ነው። ልምምዱም በነፃ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ አገር ጫካው ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሰው ግቢና የተዘራ ማሳ እስካልረገጡና እስካላበላሹ ድረስ ማንም አይከለክልም። ከስቶክሆልም ብዙ ሳይርቅ ሄላስጎርደን የሚባል ቦታ በረዶ ሲኖር የተሰመረ መንገድ አለ። ልጆቹን በፌብሩዋሪው የትምህርት ቤት ዕረፍት ይዣቸው ሄድኩ። በነገራችን ላይ ያ ዕረፍት ስፖርት ታስቦ የመጣ አይደለም። በ1940 በጦርነቱ ጊዜ የማሞቂያ ነዳጅ ለመቆጠብ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ቤት የዋለውን ልጅ ሥራ ለማስያዝ ስፖርት ተጨመረለት። ልጆቹ በአንድ ከሰዓት ቻሉት። እኔን ወገቤን አሞኝ ሰነበተ።

ሩጫ ከለመዳችሁ ሳንባውና ትዕግሥቱ አላችሁ። የሚቀረው ክንድ ነው። ቫሳሎፔት ብዙው ሜዳና ረግረግ ላይ ነው የሚያልፈው። እዚያ ላይ ሁለቱን ዱላ አንድ ላይ ተክሎ፣ ከወገብ ጎንበስ ብሎ፣ በሆድና በትከሻ ራስን መሳብ ነው። ስዊድኖቹ "ስታክኒንግ" ይሉታል። ጎበዞቹ 90ውንም ኪሎ ሜትር በዚህ ብቻ ይጨርሱታል። ስለዚህ ከበጋ ጀምሬ ባለ ጎማ ስኪ አድርጌ የብስክሌት መንገድ ላይ ተለማመድኩ። የራስ ቁርና የጉልበት መከላከያ የግድ ነው፤ ፍሬን የለውም። ክረምቱን ሁሉ ከሮጥኩት ይልቅ ይሄ ነው የጠቀመኝ።

ሌላው ሰም ነው። ይህን ያስተማረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ የዳላርና ሰው። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስኪውን ገልብጦ ከጫማው ሥር ያለውን ክፍል አሳየኝ። "ስትረግጪው በረዶውን መያዝ አለበት፣ ስትንሸራተቺ መልቀቅ አለበት" አለኝ። ሰሙ በቀለም የተለየ ነው። አረንጓዴው ለከባድ ብርድ፣ ሰማያዊው ለመካከለኛው፣ ወይን ጠጁና ቀዩ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ላለው። ቀልጦ ተመልሶ ለጠጠረ በረዶ ደግሞ ከቱቦ የሚወጣ ማር የመሰለ ነገር አለ፤ ከጣት አይለቅም። ስስ አድርጎ መቀባት፣ በቡሽ ማሸት፣ እንደገና ስስ አድርጎ መቀባት። አንዴ ወፍራም አድርጎ የቀባ ሰው በረዶ እየለጠፈበት እንደ እርሳስ የከበደ እግር ይጎትታል። በሩጫ የማይታወቅ ጣጣ ነው። እግሩ ደህና የሆነ ሰው በሰም ምክንያት ወድቆ ይቀራል።

የምግቡ ነገር አሳስቦኝ ነበር፤ ዕለቱ ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። የንስሐ አባቴን አማክሬ ሰዓቱን ትቼ ምግቡን ልጠብቅ ወሰንኩ። ደግነቱ የቫሳሎፔት ዋና ምግብ ጾም ነው፦ ትኩስ የብሉቤሪ ሾርባ። ብሉቤሪ፣ ስኳርና ማወፈሪያ ስታርች ነው። በወረቀት ኩባያ ይሰጣል፤ የሚታደልበት ጣቢያ ዙሪያ ያለው በረዶ ሁሉ ወይን ጠጅ ይሆናል። ዳቦው ወተት ስላለበት እሱን ለሌሎች ተውኩ። በምትኩ በሶ በማር ለውሼ፣ ትንንሽ እያደረግኩ በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ያዝኩ። ውጭ ኪስ ከገባ ይደርቃል፣ ደረት ላይ ግን እንደለሰለሰ ይቆያል። ቆሎ አትያዙ። በብርድ ጥርስ ላይ ይጨክናል፣ ደግሞም እያኘኩ መተንፈስ አይቻልም።

የውድድሩ ዕለት ሌሊት ከሞራ በአውቶቡስ ተነሳን። መነሻው በርጋ የሚባል ሜዳ ነው። ሰዉ በጨለማ ስኪውን በረድፍ አስቀምጦ ቦታ ይይዛል፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይጠብቃል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተነሳን። እንደኔ ማጣሪያ ያልሮጠ ሰው ከመጨረሻው ከ10ኛው ምድብ ነው የሚነሳው። ገና ከመነሻው ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዳገት አለ። እዚያ መንሸራተት የለም፤ ሰልፍ ነው። ከኋላ የሚመጣው ዱላችሁን ይረግጠዋል። ዱላውን ወደ ሰውነት ማስጠጋት ነው፤ ዓይናችን እያየ የስንት ሰው ዱላ ተሰበረ።

ሒሳቡን አስቀድማችሁ ያዙት። መጨረሻው የሚዘጋው ማታ 2 ሰዓት ነው፤ 12 ሰዓት አላችሁ ማለት ነው። ሲካፈል በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ዳገቱ ላይ የተሰለፋችሁበት ግን ከዚያው ይቀነሳል። በመንገዱ 7 ጣቢያ አለ፤ ከስሞጋን እስከ ኤልድሪስ። እያንዳንዱ የመዝጊያ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ገመድ ይወጠራል፣ ያልደረሰ በአውቶቡስ ይሄዳል። በየጣቢያው 10 ደቂቃ የቆመ ሰው 70 ደቂቃ አጠፋ። ከፊቴ የነበሩ ጠንካራ ሰዎች በገመዱ የተያዙት በፍጥነት ማነስ ሳይሆን ሾርባ ላይ በመቆማቸው ነው። እኔ ጠጥቼ እንቀሳቀሳለሁ። አጋማሹ ኤቨርትስቤሪ ላይ ብቻ ስኪዬን ሰም አስቀባሁ። ከዚያ ቁልቁለት ስላለ እጅ ያርፋል።

ከኡክስቤሪ ጣቢያ በኋላ ጨለማው እየቀረበ ነበር። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። በየመንደሩ ሰዉ እሳት አንድዶ፣ ቋሊማ እየጠበሰ፣ ቃጭል እየነቀነቀ "ሄያ! ሄያ!" ይላል። ለመጀመሪያው ሰውም ለመጨረሻውም እኩል ነው የሚጮኸው። ለእኔ በዓልነቱ እዚህ ጋ ነው፤ አሸናፊዎቹ ገብተው ታጥበው እራት በልተዋል፣ ሰዉ ግን አልተበተነም። ሞራ የገባሁት በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከላይ "በአባቶች ፈለግ፣ ለመጪው ድል" የሚል ተጽፏል። ማርጊት ኑርዲን በእርግጥ ቀድማኛለች።

ጀማሪ ሴት ከሆናችሁ መጀመሪያ ቲየቫሳንን ሞክሩ። ለሴቶች ብቻ ነው፣ ከ1988 ጀምሮ ይካሄዳል፣ ከኡክስቤሪ እስከ ሞራ 30 ኪሎ ሜትር።

ማታውኑ እናቴ አዲስ አበባ ሆና ደወለች። "ስንተኛ ወጣሽ?" አለች። ነገርኳት። ዝም አለች። "ሜዳሊያውስ?" አለች። ሜዳሊያ የሚያገኘው በአሸናፊው ሰዓት ላይ ቢበዛ ግማሹን ጨምሮ የገባ ብቻ እንደሆነ፣ ለሌላው ዲፕሎማ እንደሚሰጥ አስረዳኋት።

"እንግዲያው ዲፕሎማውን ላኪልኝ" አለች፤ "ስንተኛ የሚለውን ግን ቆርጠሽ።"