ከሰዓት በኋላ የሚጠቁረው ሚዛን

በሚያዝያ ሙቀት ነው፤ ባሕር ዳር፣ አንድ የሚዛን ጥገና ቤት። ጣና ዳር ዓሣ የሚሸጡ ሴት ዲጂታል ሚዛናቸውን አቅፈው ገቡ። «ልጄ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ቁጥሩ ካልታየ ቆሮሶዬን በስንት ኪሎ ልሽጥ?»

ወጣቱ ቴክኒሻን ሲያበራው ይሠራል። ቢሆንም ፈታው፤ ቦርዱንና ስክሪኑን የሚያገናኘውን ባለመስመር ጎማ አወጣ፣ ጫፎቹን በአልኮል ጠረገ፣ ብሎኖቹን እኩል አጠበቀ። እንዲህ ያለው ጎማ ሲቆሽሽ ግን የሚጠፋው የቁጥሩ አንድ ወይም ሁለት ሰረዝ ነው እንጂ ሙሉ ስክሪን አይጠቁርም። በማግስቱ ሚዛኑ ተመልሶ መጣ።

ዋናው ባለሙያ መፍቻ አላነሳም። «እትዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጠቁረው?»

«ከሰባት ሰዓት በኋላ። ሲመሽ ደግሞ ደህና ይሆናል።»

ባለሙያው የፀጉር ማድረቂያ አስመጥቶ የስክሪኑን አንድ ጥግ አሞቀ። ጥቁሩ ከጥጉ ተነሥቶ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተስፋፋ፤ መጀመሪያ ኋላ ያለውን ዜሮ፣ ከዚያ ነጥቡን ዋጠ። ማድረቂያው ሲነሣ በመጣበት መንገድ ሸሸ፣ ቁጥሩም ወጣ። በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ስስ ሽፋን፣ ፖላራይዘሩ፣ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ አይለቅም ነበር።

በሁለቱ መስታወቶች መሃል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው። ዱላ መሰል ሞለኪውሎቹ ከታች እስከ ላይ 90 ዲግሪ እየተጠማዘዙ ይደረደራሉ፤ የብርሃኑንም የመርገብገብ አቅጣጫ አብረው ያዞሩታል። ፖላራይዘሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግረው ስለተለጠፉ ብርሃን የሚያልፈው በዚህ መዞር ብቻ ነው። ቮልቴጅ ያገኘው ሰረዝ ላይ ሞለኪውሎቹ ቀጥ ይላሉ፣ መዞሩ ይቀራል፣ ሰረዙ ይጠቁራል። ሙቀቱ ሲበዛ ግን ድርድሩ ራሱ ይፈርስና ፈሳሹ እንደ ተራ ዘይት ይሆናል፤ ቁጥሩም ጀርባውም አንድ ላይ ይጨልማል። ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ራይኒትዘር በ1888 እ.ኤ.አ. ያየው ይህንኑ ለውጥ ነው፤ የእሱ ፈሳሽ ክሪስታል፣ ኮሌስቴሪል ቤንዞኤት፣ በ145.5 ዲግሪ ደፍርሶ ቀለጠ፣ በ178.5 ድርድሩ ፈርሶ ጠራ።

በእንግሊዝ ሃል ዩኒቨርሲቲ የኬሚስቱ የጆርጅ ግሬይ ቡድን የሠራው 5ሲቢ የተባለ ፈሳሽ ክሪስታል በ35 ዲግሪ ገደማ ይፈርሳል፤ ብቻውን ቢሆን የባሕር ዳር ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ለዚህ ነው ከሌሎች ጋር የሚደባለቀው፤ ኢ7 የተባለው ድብልቅ እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ይዘልቃል። ፀሐይ የመታው ጥቁር ፕላስቲክ ሣጥን ደግሞ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ወጣቱ ስክሪኑን በባትሪ ድንጋይ ልፈትሸው ሲል ባለሙያው እጁን ያዘው፤ ኤልሲዲ (የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን) የሚነዳው በተለዋዋጭ ቮልቴጅ ነው፣ የባትሪው ቀጥታ ቮልቴጅ ሲቆይበት ፈሳሹን ይበላዋል።

የተለወጠ ዕቃ የለም። ከነጭ ቆርቆሮ ከለላ ተሠራለት፣ አየር እንዲያልፍ ከስክሪኑ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ። ከለላው ለክብደት ዳሳሹም ይበጃል፤ እሱም በሙቀት ንባቡ ይንሸራተታል። በስምንት ሰዓት ፀሐይ 2 ኪሎ መፈተሻ ክብደት ተቀመጠበት፤ 2.000 ጥርት ብሎ ተነበበ።