አንድ ቱቦ ለአምስት ሰው

ከድሬዳዋው መጋላ ሰፈር የመጣች እናት አራት ልጆቿን አስከትላ ገባች። የትንሹን እጅ ገልጬ አየሁት። በጣቶቹ መሃል ሽፍታ፣ አንጓው ላይ ያከከው ቁስል። ከሁለት ሳምንት በፊት ለእከክ ያከምነው ልጅ ነው።

"ቅባቱን ቀባሽው?"

"ለሁላችንም አዳረስኩት።"

አንድ ባለ 30 ግራም የፐርሜትሪን ቱቦ ለአምስት ሰው! ለአንድ አዋቂ ገላ ቢበቃ ነው።

እሷ ምንም አላጠፋችም። የክሊኒካችን የእከክ ሕክምና መመሪያ "ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ይታከም" ይላል። ስንት ቱቦ እንደሚሰጥ ግን አይልም። መመሪያውን ያወጣነው በአንድ ከሰዓት ስብሰባ ነበር። አንጋፋው ሐኪም ተናገሩ፣ እኛ ራሳችንን ነቀነቅን። ድሬ "አንቱ" የማይበዛባት ከተማ ናት። ስብሰባ ላይ ግን ከታላቅ አፍ በኋላ የሚናገር የለም።

ልናሻሽለው ስንቀመጥ የመመሪያ አዘገጃጀት መንገዶችን አነጻጸርን። ግሬድ የሚባለው በ2000 በተሰባሰቡ ባለሙያዎች የዳበረ ነው። ማስረጃን ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ በጣም ዝቅተኛ ብሎ ይመዝናል። እኔ የወደድኩለት ሌላ ነገር ነው። ወጪውን፣ የታካሚውን ፍላጎትና በተግባር መዋል መቻሉንም ሳይጠይቅ ምክር አያወጣም። ግን ጊዜና ሰው ይበላል። እንደኛ ላለ ትንሽ ክሊኒክ ከባድ ነው። ዴልፊ ደግሞ በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ራንድ በተባለ ተቋም የተጀመረ ነው። ሁሉም ስሙን ሳይጽፍ ለየብቻው ይመልሳል። መልሱ ተጠቃሎ ይመለስለትና እንደገና ያስብበታል።

እኛ ሁለቱንም ተጠቀምን። ስለ መድኃኒቶቹ ሌሎች መዝነው የጨረሱትን ማስረጃ ወሰድን። የሚዋጠው የእከክ መድኃኒት አይቨርሜክቲን ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር በተለምዶ አይሰጥም፤ ይሄ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። እዚህ እንዴት እንደምንሠራ ግን በወረቀት ተጠያየቅን።

አንዱ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "የምናወጣው ለቤተሰብ አንድ ቱቦ ነው። በቅቶ አያውቅም።"

በኋላ የመድኃኒት ክፍሉ ልጅ "እኔ ነኝ" አለኝ። በመጀመሪያው ስብሰባ በሩ ጋ ተቀምጦ ነበር።

"ያኔ ለምን ዝም አልክ?"

"ዶክተር ጨርሰው ነበርኮ።"

አንጋፋው ሐኪም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ከሁሉም በፊት ይሄ ይግባ" አሉ።

አሁን የመመሪያችን የመጀመሪያ መስመር ጥያቄ ነው፦ "ቤት ውስጥ ስንት ሰው ያድራል?"